ያልተረጎምኩት መጨረሻ

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጀሞ፣ የእህቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለ መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋት አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም የማወራው። የእህቴ ልጅ ልጅ ቤዛ ከዩኒቨርሲቲ የተሰጣትን የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። የእንግሊዞቹ ታላቅ ጸሐፊ ስለ ጥንት ሮማ ከጻፋቸው ተውኔቶች አንዱን የዛሬ ሰዎች ፊልም ሲያደርጉት ምን እንደሚመስል አይታ ድርሰት ልትጽፍ ነው። እኔም ከጎኗ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ሮማውያኑ ጦርና ጋሻቸውን ጥለው ሱፍ ከነከረባቱ ለብሰዋል። ወታደሮቹ ጠመንጃ ይዘዋል፣ የጦርነቱ ወሬ በቴሌቪዥን ይነበባል። እናትየዋ ልጇ ፊት ልትንበረከክ ስትል ነው ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ጋር አብሮ የሄደው።

«ጋሼ፣ ይሄን ታሪክ ያውቁታል?» አለችኝ። «መጨረሻው ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ፣ ስለዚሁ ታሪክ፣ ከዚህ ቤት ብዙም በማይርቅ ቦታ ሁለት ሰዎች ከዚህ በፊት ጠይቀውኛል። አንዱን ዋሸሁት፣ ለሌላዋ እውነቱን ነገርኳቸው። የትኛው እንደባሰ እስከ ዛሬ ሳሰላስል እኖራለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ። ንፋስ ስልክ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከባልደረባዬ፣ ከጂኦግራፊ አስተማሪው ከታደለ ጋር መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፋኖስ። ታደለ ወሬ የሚወድ ልጅ ነበር። እንቅልፍ እስኪወስደው ያወራል፣ አንዳንዴ ከወሰደውም በኋላ ይቀጥላል። «አንተ ልጅ፣ ዝም በል እስቲ፣ ነገ ሥራ አለ» እያልኩት ነበር የማድረው።

እትዬ ዘነበች ከወልቂጤ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ገበያ ውስጥ ቅቤና ቆጮ የሚነግዱ ሴት ናቸው። እሑድ ሲሆን የጾም ጊዜ ካልሆነ በቀር ጎመን በአይብና በቅቤ ለውሰው ከቆጮ ጋር ይጠሩናል። ኪራይ ከፋይ መሆናችንን የምናስታውሰው ወር ሲደርስ ብቻ ነበር። እኔን ተሼ ነበር የሚሉኝ። «ተሼ፣ ሸሚዝህን አምጣ ቁልፉን ልትከልልህ፣ እንደ ወላጅ አልባ አትዙር» ይሉኛል።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ንጉሤ። በዚያ ዘመን ንጉሤ የሚል ስም ይዞ ጓድ መባል ቀላል አልነበረም፣ እሱ ግን ተባለ። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ካኪ ለበሰ፣ ሽጉጥ ታጠቀ። ዕድሜው ከእኛ ጋር እኩል ነበር፤ ከመታጠቁ በፊት እኛ ክፍል እየመጣ ከታደለ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ሲሸነፍ የሚያኮርፍ ልጅ መሆኑን አስታውሳለሁ።

የካቲት ላይ መንገድ ላይ በተደረገ ፍተሻ ታደለ ቦርሳ ውስጥ ስቴንስል ተገኘ። ስቴንስል ማለት ጽሑፍ የሚባዛበት፣ ሰም የተቀባ ወረቀት ነው። አስተማሪ ለፈተና ይይዘዋል፤ በራሪ ወረቀት የሚበትንም ይይዘዋል። ፈታሾቹ ሁለተኛውን አመኑና ታደለ ቀበሌ ታሰረ።

በነጋታው እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቀበሌ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ንጉሤ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ሦስት ጥበቃዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ንጉሤ፣ ልጄ፣ ይሄን ልጅ ፍታው» አሉት። «ከቤቴ ነው የሚወጣው የሚገባው። አንተም ታውቀዋለህ።»

ንጉሤ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አየ፤ ቀጥሎ እናቱን። «እዚህ ቢሮ ውስጥ የማንም ልጅ የለም» አለ። «እዚህ ያለው ጓድ ነው።»

እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ አላወቅሁዎትም» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወለዱትን ልጅ አንቱ ይሉት ጀመር። አንቱ መባል የሚጠላ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ሲከበርም አንቱ ተባለ እንላለን። እናት ልጇን እንዲህ የምትለው ግን ምናልባት ቢቀስስላት ነው። ንጉሤ ራት ሊበላ ሲመጣ መሶቡ አጠገብ ቆመው «ይብሉ» ይሉታል። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ፣ «እማዬ፣ ተይኝ እንጂ» አለ። እሳቸው ደግሞ «ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» አሉት። በሦስተኛው ሳምንት መምጣቱን ተወና እዚያው ቀበሌ ማደር ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው ሰውን አከበረ ተብሎ አይከሰስም።

እኔ በየቀኑ ከሥራ መልስ የታደለን ምሳ ዕቃ ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ። መንገዱ ከአቦ ወደ ታች ሲወርድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የእህል ማሳ ነበር፣ አሁን ቤት በቤት ሆኗል። የትናንቱን ዕቃ ባዶውን ይመልሱልኛል። ባዶ መመለሱ ደግ ምልክት ነበር። ከዚያ ወደ ክፍሌ እመለስና ከታደለ አልጋ ትይዩ እቀመጣለሁ። ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ራስጌው ላይ አድርጌለት ነበር። ዝም በል የምለው ሰው አጣሁ። ብቸኝነትን ከዚያ በፊት የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ አላውቀውም ኖሯል።

ፊልሙ የመጣው ግንቦት ላይ ነው። ቀበሌው ለእሑድ ከሰዓት መዝናኛ የሚሆን ፊልም ከአንድ የውጭ አገር የባህል ተቋም ሊዋስ ፈለገ። የውይይት ክበቡ ካድሬ ዝርዝሩን አይቶ አንዱን መረጠ፤ ምክንያቱም መጀመሪያው ላይ የተራበ ሕዝብ እህል በከዘኑ መሳፍንት ላይ ይነሳል። «ይሄማ የእኛው ታሪክ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠየቀም። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ በማይክሮፎን እንድተረጉም እኔ ታዘዝኩ፤ የተውኔቱ ቃል የታተመበት ትንሽ መጽሐፍም ተሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። ለሮማ ብዙ ጦርነት ያሸነፈ ጄኔራል ከከተማው ሕዝብ ጋር ተጣልቶ ይባረራል። በቁጭት ከጠላት ጋር ይተባበርና የገዛ ከተማውን ሊያቃጥል ተመልሶ ይመጣል። ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። በመጨረሻ እናቱ የጦር ሰፈሩ ድረስ ሄዳ እግሩ ላይ ትወድቃለች። እሱም እሺ ይላታል። ነገር ግን እሺ ሲላት ይህ ቃል ሕይወቱን እንደሚያስከፍለው ያውቃል፣ አውቆም ይናገረዋል። እንዳለውም አብረውት የነበሩት ጠላቶች ይገድሉታል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገበ ቃላት ታቅፌ ተረጎምኩት። እውነቱን ለመናገር ታደለ ከታሰረ ወዲህ ያሳለፍኳቸው ደህና ቀኖች እነዚያ ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የሰው ንግግር ነበረ። እናትየዋ ጋ ስደርስ ግን ተቸገርኩ። እንግሊዝኛ አንተንም አንቺንም እናንተንም አንቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እናት ለልጇ ናት ብዬ ደብተሬ ላይ «አንተ» ብዬ ጻፍኩ። አስምሬበትም ነበር።

በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ «የጥንት ሮማ ታሪክ» ብዬ። ሰው የመጣው ሰይፍና ፈረስ ሊያይ ነው። መስኮቶቹ በጥበቃዎቹ ብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ማሽኑ ተንጣጣ፣ ሸራው ላይም ከረባት ያሰሩ ሰዎች ከመኪና ሲወርዱ ታየ። ቀጥሎ ካኪ የለበሱ ወታደሮች መጡ። ያኔም እንዲህ የሚሠሩ ነበሩ ማለት ነው፤ ጥንቱን በዛሬ ልብስ።

«ፊልሙ ተቀይሯል» አለ አንዱ። «ተሳስታችሁ ሌላ አምጥታችኋል።»

በማይክሮፎኑ አስረዳሁ። ታሪኩ የጥንት ነው፣ ልብሱ ግን ሆን ተብሎ የአሁን ዘመን ተደርጓል አልኩ።

ከመካከል አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን አሰሙ። «ታዲያ ጥንት የምትሉት ትናንትናን ነው?»

ሰው ሳቀ። ንጉሤም ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሲስቅ ከኋላ አየሁት። እትዬ ዘነበች ኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ነበሩ።

ግማሹ ላይ ስንደርስ ዝናብ መጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው የጎረቤትህን ድምፅ እንኳ አትሰማም፤ ማይክሮፎኑን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ እጮህ ጀመር። ደብተሬን የማነብበት የእጅ ባትሪ ደከመና ጠፋ። የቀረውን በቃሌ ቀጠልኩ። ጽሑፉን በደንብ ስለማውቀው አልፈራሁም።

እናትየዋ ገባች። ጥቁር ካፖርት ለብሳ ራሷን በሻሽ አስራለች። ልጇ ካኪ ለብሶ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፣ ወታደሮቹ ከኋላው ቆመዋል። ተንበረከከች። በዚያች ቅጽበት ዝናቡ ባንዴ ቆመ፣ እኔ ግን ጩኸቴን አልቀነስኩም ነበር።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይማሩን» አልኩ። «እኔ እኮ ነኝ የወለድኩዎት።»

ደብተሬ ላይ ያለው እንዲህ አልነበረም። ከአፌ የወጣው የእትዬ ዘነበች ድምፅ ነበር። ተሳስቼ ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው አንቱ ካመለጠኝ በኋላ ማረም እችል ነበር፤ አላረምኩትም። እናትየዋ እስክትጨርስ ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሸራውን ትቶ የፊቱን ወንበር ያያል። የንጉሤን ፊት አላየሁም፣ ማጅራቱን ብቻ።

ከዚያ ጄኔራሉ መለሰ። ረጅም መልስ ነበር። እሺ ማለቱ ሕይወቱን እንደሚያስከፍለው የሚናገረው እዚያ ላይ ነው፤ ሙሉውን በቃሌ አውቀው ነበር። ታደለ የታሰረው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከእኔ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

«እሺ» ብዬ ተረጎምኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። የመጨረሻው ጥቅል ፊልም ገና ማሽኑ ላይ አልወጣም ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ብሎ ሰው ጭቃውን እየረገጠ ተበተነ።

የማይክሮፎኑን ገመድ ስጠቀልል ንጉሤ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ብቻውን ነበር።

«ተሾመ» አለኝ። ጓድ አላለም። «ልጁ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

«ከእናቱ ጋር ታረቀ» አልኩት። «ቤቱ ገባ።»

«አብረውት የነበሩትስ? ምንም አላሉትም?»

«ምን ይሉታል።»

ገመዱን ስጠቀልል ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እንግሊዞች እንደዚህ የሚያምር ታሪክ ይጽፋሉ?» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግቢው በር ተንኳኳ። ንጉሤ ነበር፤ ከጎኑ ታደለ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት። እትዬ ዘነበች ቆጮ የሚቆርጡበትን ቢላ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

«እማዬ፣ ይኸው» አለ ንጉሤ።

እትዬ ዘነበች ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «ግባ ንጉሤ» አሉ። «ጫማህን አውልቅ፣ ቤቱን ጭቃ አታድርግብኝ።»

ያን ቀን አራታችንም አብረን በላን። ንጉሤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ታደለ አንድም ቃል አልተናገረም። ክፍላችን ከገባንም በኋላ ዝም እንዳለ ነው፤ እኔ ነበርኩ እንዲያወራ የምለምነው። መስከረም ሲጠባ ወደ አገሩ ወደ አርሲ ተዛወረ። አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ሌላ አልጻፈም። እንዴት እንደተፈታ ነግሬው አላውቅም።

ንጉሤን ሐምሌ ላይ ስብሰባ ጠርተው ሂስና ግለሂስ አስደረጉት። ያለ በላይ አካል ትእዛዝ እስረኛ ለቀቀ ተባለ። ሽጉጡን ተቀበሉትና ከዘማቾች ጋር ወደ ሰሜን ላኩት። ሁለት ደብዳቤ መጣ። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ አብሮት የነበረ አንድ ቁስለኛ በክራንች መጥቶ እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰውዬው ሳይናገር ነበር የገባቸው።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ እኔና እሳቸው ብቻ የቀረን ዕለት፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ጎመኑን እየከተፉ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ተሼ፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ነበር? ንጉሤ፣ ‹ታረቁ አለኝ ተሾመ› ብሎ ነግሮኝ ነበር።»

እዚያ ላይ መዋሸት አቃተኝ። ልጁን ይገድሉታል አልኳቸው። እሺ በማለቱ።

«ለንጉሤ ስትነግረው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጎመኑን ከትፈው ጨረሱ። ጣባው ላይ አደረጉ፣ አይቡን ጨመሩ፣ ቅቤውን አፈሰሱ፣ ቆጮውን ቆራርሰው ከጎኑ ደረደሩ። በሁለት እጃቸው ፊቴ አስቀመጡልኝ።

«ይብሉ» አሉኝ።

እዚያ ግቢ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ፣ እስኪሞቱ ድረስ። መልቀቅ እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሌላ ክፍል አይቼም ነበር። ግን ለማን ጥያቸው ልሂድ። ተስቦ ሲይዘኝ ራስጌዬ ተቀምጠው ያደሩት እሳቸው ናቸው፣ ቁልፌን የተከሉልኝም እሳቸው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኔ እሳቸውን አንቱ እላለሁ፣ እሳቸውም እኔን አንቱ ይላሉ፣ እንደ ሁለት እንግዳ በአንድ ማጀት ተከባብረን ኖርን። ተሼ የሚለውን ስም ዳግመኛ አልሰማሁትም። መጨረሻቸው ላይ እጃቸውን ይዤ ነበር፤ አንድ ጊዜ አንተ ቢሉኝ ብዬ ጠበቅሁ። «ውኃ ያቀብሉኝ» አሉኝ፣ አቀበልኳቸው።

ቤዛ ሻማ አብርታ፣ ራቴን አቅርባ አሁንም መልስ ትጠብቃለች።

«እሺ ይላታል» አልኳት። «እሺ በማለቱ ይገድሉታል።»

«እናትየዋስ?»

«ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ብዙ አልጻፈም።»

የወረቀቷ ጠርዝ ላይ ይህን ጻፈች። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። እኩዮቼ አልቀዋል፣ ትዳርም ሳልይዝ ቀረሁ። በታክሲ ውስጥ ወጣቶች ተነስተው ያስቀምጡኛል፣ ባንክ ቤት ቅድሚያ ይሰጡኛል፤ ሁሉም ያከብረኛል። በምድር ላይ አንተ የሚለኝ ሰው ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ ቤዛን አንተ በይኝ ብያት ነበር። ሳቀችብኝ፣ «ነውር ነው ጋሼ» አለች። ያሳደጓት በጨዋ ደንብ ነው፣ ምን ትበል።

ሰሃኑን ወደ እኔ አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አለችኝ። «ይብሉ እንጂ።»

በላሁ።